የኢንዱስትሪ አብዮት፦ ጉዳቱ የግድ ነበር?

ጥያቄ፦ የኢንዱስትሪ አብዮት ጥቅም በሰውና በተፈጥሮ ላይ ካደረሰው ጉዳት ይበልጣል? በአንድ ክርክር ላይ «ጉዳቱ የዕድገት ዋጋ ነው፤ መቅረት አይችልም ነበር» ተባልኩ፤ አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ ሳይዋጥልዎ መቅረቱ ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቅሙ ግዙፍ መሆኑ አያከራክርም። በ1800 አካባቢ በዓለም ላይ ከሚወለዱ አሥር ሕፃናት አራት ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ከመቶው አራት አይሞሉም። ችግሩ ግን ከፋዩና ተጠቃሚው መለያየታቸው ነው። የእንግሊዝን የድሆች ጤና ያጠናው ባለሥልጣን ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባቀረበው ሪፖርት፣ በፋብሪካ ከተማዋ ማንቸስተር የጉልበት ሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የመሞቻ ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን በገጠሩ ራትላንድ 38 ነበር። አኃዙን ይህን ያህል ዝቅ ያደረገው በዋናነት የሕፃናት ሞት ስለሆነ «ሰው በ17 ዓመቱ ያረጅ ነበር» ብለው እንዳይተረጉሙት።

«መቅረት አይችልም ነበር» የሚለውን ለመፈተን የእንግሊዝን የሶዳ ፋብሪካዎች ይመልከቱ። ለሳሙናና ለመስታወት የሚሆነው ሶዳ በሌብላንክ ዘዴ ሲመረት፣ መጀመሪያ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይሞቃል። ያኔ የሚወጣው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆንና ዛፍና ሰብል ያደርቃል። ባለቤቶቹ ጭስ ማውጫውን አስረዘሙ፤ ጋዙ ራቅ ብሎ ወረደ እንጂ አልቀነሰም። የሶዳ አምራቹ ዊሊያም ጎሳጅ ግን በ1836 መፍትሔውን አገኘ፦ ጋዙ፣ ውሃ ከላይ በሚንጠባጠብበት ማማ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ። ማማው በኮክ (ከድንጋይ ከሰል በሚሠራ ቀዳዳ የበዛበት ጠጣር ማገዶ) ቁርጥራጭ ሲሞላ ውሃው ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ጋዙ በቀላሉ ይሟሟል። ሕግ ፋብሪካዎቹ 95 በመቶውን ጋዝ እንዲይዙ ያስገደደው በ1863 ነው። ለ27 ዓመት የጠፋው ዘዴው ሳይሆን ግዴታው ነበር! ከሕጉም በኋላ ብዙዎች አሲዱን ወንዝ ውስጥ ደፉት፤ ቆይቶ ክሎሪን ወጥቶለት የጨርቅ ማንጫ ዱቄት ሲሠራበት ግን ያው ቆሻሻ ገንዘብ ሆነ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለኋለኛው ትውልድ ጥቅሙ ይበልጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ከተሞች ሠራተኞች ግን አይበልጥም፣ ከስቃያቸውም ብዙው ሊቀር ይችል ነበር። በሚቀጥለው ክርክር ስለ እያንዳንዱ ጉዳት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መከላከያው መቼ ታወቀ? መቼ ግዴታ ሆነ? በመካከሉ የከፈለው ማን ነው?

ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሒሳብ ግን ገና አልተዘጋም። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ አሁን ከ420 በላይ ሆነዋል። ከሚለቀቀውም ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ስለሚቆይ፣ ከፋዮቹ ውስጥ ገና ያልተወለዱ አሉ።