ስኳርና ወተት ማቆሜ ከጡት ካንሰር ይጠብቀኛል?

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው። እናቴን በጡት ካንሰር ካጣሁ ወዲህ ስኳር፣ ወተትና ሥጋ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። ይህ ይበቃል ወይስ ሌላ የማቆመው ምግብ አለ? ከአራት ወር በፊት ግራ ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ ትንሽ እብጠት አገኘሁ። ስለማያመኝ ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ያጠፋዋል ያሉኝን የዕፅዋት ዱቄት እየጠጣሁ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። ስለ ምግቡ እመልስልዎታለሁ። ያስጨነቀዎት ግን ምግቡ አይመስለኝም፤ ከእብጠቱ ልጀምር።

«ስለማያመኝ» ብለዋል። ብዙ ሴቶች የሚዘናጉት በዚህች ቃል ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሴትየዋ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች፤ ምንም የጎደለባት ነገር የለም። የሚያመውማ ብዙ ጊዜ የሆርሞን ጉዳይ ነው፤ የወር አበባ ሲቃረብ ጡት ይወጠራል፣ ይቆረቁራል፣ ካለፈ በኋላ ይቀላል። ስለዚህ አለማመሙ ማረጋገጫ ሊሆንዎት አይችልም። ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ፣ ካንሰር ከሆነ፣ እስኪገፋ መጠበቅ ነው። የወር አበባ መጥቶ ሲሄድ ያልጠፋ ጠጣር እብጠት፣ አመመም አላመመም፣ መታየት አለበት። የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ ከወጣ ወይም ብብት ሥር እብጠት ካለም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አይደንግጡ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ጉዳት የሌለው ዕጢ ሊሆን ይችላል። ግን በጣት ዳስሶ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ እኔም አልችልም። አልትራሳውንድና ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ያስፈልጋል፤ ካጠራጠረም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚሉዎትን አይስሟቸው።

ዱቄቱን ዛሬውኑ ያቁሙት። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር እንዴት ተብሎ ይታከማል? የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ይመክራል። እርስዎ ገና ሳይቀርቡ የዚያን እጥፍ አሳልፈዋል። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም፤ ቀጣዩን ሳምንትም በዱቄት እንዳያሳልፉት ፈርቼ ነው።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ስኳር ማቆም ካንሰርን አያስርብም። የሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ስኳር ይጠቀማሉ፤ ባንበላው እንኳ ሰውነት ራሱ ያመርተዋል። ወተት የጡት ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ቅባት መቀነስም ተሞክሯል። ወደ 49 ሺህ የሚጠጉ የወር አበባቸው የቆመ አሜሪካውያን ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ቅባት እንዲቀንሱ በተመከሩት ላይ የታየው ልዩነት ትንሽ ነበር፤ በአጋጣሚ አይደለም ለማለትም አላስቻለም።

በደንብ የተረጋገጠው አልኮል ነው። ትንሹም ቢሆን አደጋውን ከፍ ያደርጋል፤ መጠኑ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። ሌላው የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ውፍረት ነው፤ የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን የተባለውን፣ የጡት ካንሰርን ሊያሳድግ የሚችል ሆርሞን ያመርታልና። አንድ ምግብ ነጥሎ ከመከልከል ይልቅ ክብደትን መጠበቅና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይሻላል።

እናትዎ የታመሙት በልተውት በነበረ ነገር ነው ብለው ራስዎን አያስጨንቁ። በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከሴትነትና ከዕድሜ በቀር የተለየ አጋላጭ ነገር የለባቸውም። በቀጥታ በዘር የሚተላለፈው ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። የእናትዎ ዕጣ የእርስዎም ነው ተብሎ አልተጻፈም።

በዚህ ሳምንት ይሂዱ። የዱቄቱን ማሸጊያ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩት። እናትዎ በሽታው ሲገኝባቸው ስንት ዓመታቸው እንደነበርም ይንገሩት፤ እርስዎም ሆኑ እህቶችዎ ካሉ፣ ክትትል ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚወስነው በዚያ ጭምር ነው።