ሆዷ ሳይታይ ይጋቡ? ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የአዋላጅ መልስ

ደሴ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በልጅነት ስለሚመጣ እርግዝናና ስለ ወጣት ጥንዶች ኑሮ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ስም አልጠቅስም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ፋብሪካ እሠራለሁ። የሦስት ወር እርጉዝ ነኝ። እሱ 22 ነው። ቤተሰቦቹ ሆዷ ሳይታይ ቶሎ ይጋቡ እያሉ ነው። ልጅ ሲመጣ ወንድ ይረጋጋል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እሱን ተዪው እታለም። ልጅ መጀመሪያ የሚያስረው እናቱን ነው። የሚረጋጋ ሰው ከልጁ በፊትም ያስታውቃል። ደመወዙን ምን ያደርገዋል? ሲናደድ ምን ይሆናል? ማርገዝሽን ስትነግሪው መጀመሪያ ያለው ነገር ምን ነበር?

ልጁን መቀበልና መጋባት ለየብቻ የሚወሰኑ ናቸው። አባትነቱን ዛሬ ይቀበል፣ ለክትትልም አብሮሽ ይምጣ። ጋብቻው ስድስት ወር ቢቆይ ሰማይ አይደፋም። እኔ ጋ የሚመጡ ወጣት ጥንዶች የሚጣሉት ፍቅር አልቆባቸው አይደለም። በቤት ኪራይ ነው። ከአማት ጋር አንድ ጓዳ በመኖር ነው። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ ማን ይነሳ በሚል ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እነዚህን ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ።

ሥራሽን ደግሞ እንዳትለቂ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር አለሽ። ስላረገዝሽ ሊያባርሩሽ አይችሉም። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓትም ሊያሠሩሽ አይችሉም። የራስሽ ደመወዝ ካለ፣ ብትጋቡም ባትጋቡም አንገትሽን አትደፊም።

ጥያቄ (ወግዲ)፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ አርግዛለች። ልጁ 24 ነው፤ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ከምትዋረድ ትዳር እያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ጋብቻው ግን አይሆንም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ከዚያ በታች ያለችን ልጅ ማግባት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር ግንኙነት መፈጸምም በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት አለበት። ሽማግሌ አስታረቀ፣ ካሳ ተከፈለ ማለት ሕጉ ተነሳ ማለት አይደለም።

አሁን የሚቀድመው እሷ ናት። ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፣ ለብቻዋም ታነጋግረን። በአንቀጽ 551 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰችና ልጅ ለማሳደግ በአካል ወይም በአእምሮ ያልተዘጋጀች እርጉዝ፣ በጤና ተቋም ጽንሱን ማቋረጥ ይፈቀድላታል። ማንም አይገፋትም፣ ማንም አይከለክላትም፤ ጊዜው እንዳያልፍ ብቻ ቶሎ ትምጣ። ጓዳ ውስጥ የሚሰጥ ቅጠልና መርፌ ግን ይገድላል። የምትወልድ ከሆነ ክትትሏ አይቋረጥ፣ ምጧም ቤት አይሁን። በዚህ ዕድሜ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ያሰጋል። ጠንካራ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ካለ፣ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ትምጣ።

ትምህርት ቤትም ዝም ብላ አትቅር። ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ) ትሙላ፣ ከርማ ትመለሳለች።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦ ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር? የዘንድሮን ልጅ ስልክ አይደል ያበላሸው?

መልስ፦ ድሮማ በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር አባባ! እርግዝናው ትዳር ውስጥ ስለሆነ ማንም ችግር አላለውም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች 8ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። በአገር ደረጃ 13 ነበር። ስልኩ ብቻውን አይደለም።

ጥያቄ (መርሳ)፦ እኔ 21፣ ሚስቴ 20። ልጃችን ስምንት ወሩ ነው። ለናቴ ትቼው ዓረብ አገር ልሂድ ትላለች። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ወላሂ ትዳራችን ይፈርሳል ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ፍርሃትህ ያለ ነው። ግን እሷን ከመከልከልህ በፊት ለምን መሄድ እንደፈለገች ጠይቃት። ብዙዎቹ ትዳር ሸሽተው አይደለም፤ ዕቁብ መጣል አቅቷቸው፣ ኪራይ ተጠራቅሞባቸው ነው። ከሄደች ደግሞ የሚያጣላው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ብሩ ነው። ማን ይቀበላል? ለአማት ስንት፣ ለልጁ ስንት፣ ለቤት መሥሪያ ስንት? ይህ ሳይነገር የሄደች ሴት ተመልሳ ባዶ ቤት ታገኛለች፣ ባልም ሌላ አግብቶ ይጠብቃታል። እንዲህ ያለ ስንት አይቻለሁ።

ልጁ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመት ቢጠባ ይመከራል። ቢቻል እስከዚያ ትቆይ። ደላላ አምና በየብስ ግን አትሂድ። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ ውል ፈርማ ትሂድ።

ጥያቄ (ባቲ)፦ ኒካህ ብቻ ነው ያሰርነው። ብንለያይ መብት አለኝ?

መልስ፦ አለሽ። ሁለታችሁም 18 ሞልቷችሁ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ከማዘጋጃው እኩል ነው። ግን ቀበሌ አስመዝግቡት፣ ማስረጃ ይሆንሻል። የልጁንም ልደት በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። ይህን አባቱ የካደባችሁ ሴቶችም ስሙ፦ የልደት ምዝገባ የአባትን መልካም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ለአባትነቱ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ መሃን ያደርጋል ይላሉ።

መልስ፦ አያደርግም። ሲወጣ መውለድ ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ ካቆምሽው በኋላ ለመመለስ ትንሽ ወራት ይወስድ ይሆናል፣ ያ ብቻ ነው። ከወለድሽ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ። ለጤናሽ ነው፤ ትዳሩም ፋታ ያገኛል።

ጥያቄ (ወልዲያ)፦ ሚስቴ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ታለቅሳለች፣ አትተኛም፣ አጠገቤ አትምጣ ትለኛለች። ጠላችኝ መሰለኝ። እናቴም ቤቷ ትሂድ እያለች ነው።

መልስ፦ ቤቷ እንዳትልካት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ በሕክምና ይሻላል። በጥላቻ ቆጥረውት ስንት ቤት በዚህ ተበትኗል። ልጁን ሌሊት አንተ ያዘው፣ እሷ ትተኛ። እናትህንም አንተው ተናገራቸው፣ እሷ ላይ አትጣለው። ነገ ጠዋት አብረሃት ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ራሴን ልጉዳ ወይም ልጁን ልጉዳ የሚል ቃል ከወጣት ግን ጠዋትን አትጠብቅ፣ ብቻዋን አትተዋት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት።