ምርመራው ነጻ ነው፤ መነጽሩስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለንደን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) እቀበላለሁ። የዓይን ምርመራ ነጻ ነው ተብዬ ገባሁ፤ ስወጣ ግን የ140 ፓውንድ ሒሳብ ይዤ ወጣሁ። ታዲያ ነጻ የተባለው የቱ ነው?

መልስ፦ ነጻ የሆነው ምርመራው ነው። መነጽሩ የሚታገዘው በሌላ መንገድ፣ በቫውቸር (የመነጽሩን ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል በሚሸፍን ወረቀት) ነው። ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሁሉ ሌላውን አያገኝም።

በመጀመሪያ የሁለቱም መብት እንዳለዎት ያረጋግጡ። በእንግሊዝ ዩኒቨርሳል ክሬዲት መቀበል ብቻውን አይበቃም። ከምርመራው በፊት በተዘጋው የመጨረሻ የክፍያ ወር እጅዎ የገባው ደመወዝ ከ435 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ክፍያዎ የልጅ ድርሻ ካለበት፣ ወይም በጤና ምክንያት የመሥራት አቅምዎ ውስን ነው ተብሎ ከተመዘገበ ጣሪያው 935 ፓውንድ ነው። ከባለቤትዎ ጋር በጋራ የሚቀበሉ ከሆነ የሁለታችሁ ደመወዝ ተደምሮ ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ወር ትርፍ ሰዓት ሠርተው ጣሪያውን ካለፉ ለዚያ ወር መብቱ የለም። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የመጨረሻውን ወር መግለጫ ይመልከቱ። ሳይገባዎት ቅጹ ላይ ከፈረሙ የአገልግሎቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን እስከ 100 ፓውንድ የሚደርስ ቅጣትም ሊጠየቁ ይችላሉ።

መብቱ ካለዎት ምርመራው እንዳበቃ ሁለት ወረቀት ይዘው ይውጡ፦ የመነጽር ማዘዣውንና ቫውቸሩን። ማዘዣውን ወዲያው መስጠት የመርማሪው ግዴታ ነው፤ እዚያው መግዛት ግን የእርስዎ ግዴታ አይደለም። የቫውቸሩ መጠን በሌንሱ ጥንካሬ ይለያያል። ዝቅተኛው «ኤ» ይባላል፤ እስከ 6 ዳዮፕተር (የሌንስ ጥንካሬ መለኪያ) ለሚደርስና የአስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛነፍ) ማስተካከያው ከ2 ለማይበልጥ ተራ ሌንስ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኘውም እሱን ነው። መነጽሩ ከቫውቸሩ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ልዩነቱ ከኪስዎ ይወጣል። 140 ፓውንዱ የመጣውም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይ ፍሬሙ ውድ ነበር፣ ወይ በሌንሱ ላይ ሽፋን ተጨማምሯል።

ስለዚህ ፍሬም ከመሞከርዎ በፊት «በቫውቸሩ ብቻ፣ ምንም ሳልጨምር የማገኛቸው የትኞቹ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሱቆች እንዲህ ያሉ ፍሬሞች አሏቸው፤ ሳይጠየቁ ግን ሁሉም አያወጧቸውም። ከሌላቸው ቫውቸሩን ሌላ ሱቅ ይዘው መሄድ ይችላሉ።

ቫውቸር ሳይጠቀሙ ሙሉውን ከፍለው ከሆነ ደግሞ ጊዜው አላለፈም። «ኤችሲ 5 (ኦ)» የተባለውን የተመላሽ ቅጽ ከደረሰኙ ጋር፣ ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ይላኩ። የሚመለስልዎት ግን ሊያገኙት ይገባ የነበረው የቫውቸር መጠን ያህል ነው።

የልጆቹ ጉዳይ ቀላል ነው። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የወላጁ ገቢ ምንም ይሁን ምን፣ ምርመራውም ቫውቸሩም ይገባዋል፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለና ሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነም እንዲሁ። ትንሹ ልጅዎ መነጽሩን ኳስ ሜዳ ላይ ቢሰብረው ለጥገና ወይም ለምትክ የሚሆን የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) እርዳታ አለ፤ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሱቁን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 62 ዓመቴ ነው፤ ስኳርም አለብኝ። ምርመራው በነጻ ተደረገልኝ፤ መነጽሩን ግን ክፈል ተባልኩ። ደግሞ «የዓይን ስካን» ብለው ተጨማሪ ሒሳብ ጠየቁኝ። ልክ ነው? (አባት፣ ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ አባታችን፣ አልተታለሉም። 60 ዓመት መሙላትም ሆነ የስኳር ሕመም ምርመራውን ነጻ ያደርጋሉ፤ ቫውቸር ግን አያስገኙም። ቫውቸር ለማግኘት ገቢዎ ዝቅተኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ ድጎማ) የሚቀበሉና «ጋራንቲ ክሬዲት» የተባለው ክፍል ያለበት ከሆነ በዚያው ይገባዎታል። ካልሆነ «ኤችሲ 1» የተባለውን የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ይሙሉ፤ ቁጠባዎ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ግን አይድከሙ። ምላሹ «ኤችሲ 2» ሆኖ ከመጣ ሙሉ እርዳታ ነው። «ኤችሲ 3» ከሆነ ከፊል ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መጠን ከቫውቸሩ ላይ ይቀነሳል።

ስካኑ ሱቁ በራሱ የሚሸጠው ተጨማሪ አገልግሎት ነው። ጥቅም የለውም አንልም፤ የዓይኑን የኋላ ክፍል በንብርብር ያሳያል። ግን በምርጫ ነው፤ አልፈልግም ቢሉ ነጻው ምርመራ አይጎድልም።

አንድ ነገር እንጨምር። ለስኳር ሕመምተኞች በደብዳቤ የሚጠሩበት የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ፎቶ ምርመራ ሌላ ነው። እሱ በስኳር ምክንያት የደም ሥሮች መጎዳታቸውን ያያል እንጂ መነጽር አይለካም። መነጽር ቤት ሄጃለሁ ብለው ያንን ቀጠሮ አይተዉ። የዓይን ጠብታ ሊደረግልዎት ስለሚችል መኪና እየነዱ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ግላኮማ እንዳለበት ተነገረው። እኔ 43 ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ምንም አይለኝም። መመርመር አለብኝ? (ከሊድስ)

መልስ፦ አዎ፤ ዘንድሮ ሳይውል ሳያድር። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ሕመም ነው፤ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ከጎን እይታ ስለሆነ ሕመምተኛው አይታወቀውም። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና የቀረውን ማቆየት ይቻላል። በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛትና ቀደም ባለ ዕድሜ ይታያል።

በእንግሊዝ 40 ዓመት የሞላውና ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ ግላኮማ ያለበት ሰው ምርመራው ነጻ ነው። ሕጉ ወንድምዎ የታከመው የት ሀገር ነው ብሎ አይለይም። ቀጠሮ ሲይዙ ይህን በስልክ ይንገሯቸው፤ ካልተናገሩ በክፍያ ሊመዘግቡዎት ይችላሉ። የዓይን ግፊት፣ የጎን እይታና የነርቩ መልክ ሦስቱም እንዲታዩልዎት ይጠይቁ። ግፊት ብቻውን አያስተማምንም፤ ግፊቱ ልክ ሆኖ ግላኮማ ያለበት ሰው አለ።

ከሀገር ቤት የመጣ የአለርጂ ጠብታ የሚጠቀሙ ከሆነም ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ዴክሳሜታሶን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት መጠቀም የዓይን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማዘዣዬን ይዤ በኢንተርኔት ባዝ ይረክሳል አሉኝ። ምን ልጠንቀቅ? (ከማንችስተር)

መልስ፦ ለሩቅ ብቻ ወይም ለንባብ ብቻ የሆነ፣ ቁጥሩም ከ4 የማይበልጥ መነጽር ከሆነ በኢንተርኔት መግዛት እውነትም ያዋጣል። ቫሪፎካል (በአንድ ሌንስ ለሩቅም ለቅርብም የሚያሳይ) ከሆነ አንመክርም። እሱ ፍሬሙ ፊትዎ ላይ ተቀምጦ ከፍታው መለካት አለበት፤ በግምት ከተሠራ ደረጃ ሲወርዱ ያደናግራል፣ ለማንበብም አንገትን ቀና ማድረግ ያስገድዳል።

ማዘዣው ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፍ አንድ ቁጥር አለ፦ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ «ፒዲ» የሚሉት። ሱቁ እንዲሰጥዎት አይገደድም፤ ቢጠይቁ ግን አይጎዳም። ራስዎ ሲለኩ ሌላ ሰው በክንድ ርቀት ፊት ለፊትዎ ይቀመጥ፤ ማስመሪያውን ቅንድብዎ ላይ ያሳርፍ። እሱ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በግራው ሲያይ እርስዎ ያንኑ ግራ ዓይኑን ይመልከቱ፤ ዜሮውን ቀኝ ብሌንዎ መሃል ላይ ያስተካክል። ከዚያ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ሲያይ እርስዎም ወደ ቀኝ ዓይኑ ይዙሩ፤ ግራ ብሌንዎ መሃል ያረፈበትን ሚሊሜትር ያንብብ። ሦስት ጊዜ ይለካ። የአዋቂ ሰው በአብዛኛው ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ ከወጣ ልኬቱን ይጠራጠሩ። በ1.00 ሌንስ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ላይታወቅዎት ይችላል። በ6.00 ሌንስ ግን በእያንዳንዱ ዓይን 3 ሚሊሜትር ከተዛነፈ 1.8 የፕሪዝም ዳዮፕተር (ምስሉን ከቦታው የሚያዛንፍ የብርሃን መታጠፍ) ይፈጠራል፤ ራስ ምታቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ሁለቴ ያረጋግጡ። +2.00ን −2.00 ብሎ ያዘዘ ሰው መነጽሩን መጣል ብቻ ነው የሚቀረው። የፍሬሙን ልክ ደግሞ አሁን ካለው መነጽርዎ ክንድ ውስጠኛ ጎን ያንብቡ፦ ለምሳሌ 52–18–140 ማለት የሌንሱ ስፋት፣ የአፍንጫው ድልድይና የክንዱ ርዝመት ነው።

ስለ «ቀጭን ሌንስ»፦ ቁጥርዎ ከ2 በታች ከሆነ 1.5 የሚባለው ተራ ሌንስ ይበቃል፤ 1.67 ለሚባለው ቀጭን ሌንስ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። የመቀነስ ሌንስ የሚወፍረው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ትንሽና ክብ ፍሬም መምረጥ ከውድ ሌንስ ይልቅ ያቀጥናል። ነጸብራቅ የሚያስቀረው ሽፋን ማታ ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል። የሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያውን ግን ይለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 17 ሙከራዎችን አይቶ፣ ስክሪን የሚያስከትለውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ላይቀንስ ይችላል ብሏል።

አሮጌው ፍሬም ጤናማ ከሆነ አዲስ ሌንስ ብቻ ማስገባት ሌላው አማራጭ ነው። የደረቀ ፕላስቲክ ሲገጠም ሊሰበር ስለሚችል፣ ቢሰበር ኃላፊው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው። አሠሪዬ ይከፍላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ተቀጣሪ ከሆኑና ሥራዎ በየቀኑ ረዘም ላለ ጊዜ ስክሪን ላይ ከሆነ፣ ሲጠይቁ ምርመራውን መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሕጉ ከ1992 ጀምሮ አለ። መነጽሩን የሚከፍለው ግን ለስክሪን ርቀት ተብሎ በተለይ ከታዘዘ ብቻ ነው። በግል ለሚሠራ ሰው ይህ መብት የለም። ከመመርመርዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንዳንድ አሠሪዎች ራሳቸው በመረጡት ሱቅ ብቻ ነው የሚከፍሉት።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ጠይቄ ኤድንብራ ነው ያለሁት። እኔም ይመለከተኛል?

መልስ፦ በደንብ እንጂ። በስኮትላንድ የኤንኤችኤስ የዓይን ምርመራ ከ2006 ጀምሮ ዕድሜና ገቢ ሳይለይ ነጻ ነው። ለመነጽሩ ደግሞ ከሆም ኦፊስ (የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ድጋፍ የሚቀበል ሰው ኤችሲ 2 በስሙ ይሰጠዋል፤ ካልደረሰዎት ጉዳይዎን የሚከታተሉትን ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን ይመልከቱ። የመኖሪያ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ድጋፉ ሲቋረጥ አዲስ ወረቀት በራሱ አይመጣም፤ ያኔ ኤችሲ 1 መሙላት ወይም በዩኒቨርሳል ክሬዲት መጠየቅ ይኖርብዎታል።