«የበፊቱስ የት አለ?»፦ ፎቶግራፍ ለሚወዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በራጅ ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰፈራችን ወጣቶች ካሜራ እንደምወድ ስለሚያውቁ ብቅ እያሉ «ጋሼ፣ ጥሩ የተፈጥሮ ፎቶ ለማንሳት የት እንሂድ?» ይሉኛል። መንዝ ጓሳ ሂዱ፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ግቡ፣ ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ቁሙ እንድላቸው ይጠብቃሉ። ጓሳ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያሉበት አገር ነውና አትሂዱ አልልም። እኔ የምመልሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ጓሯችሁን አንሱ፣ ያውም ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ ደጋግማችሁ።

ይህን ያስተማረኝ ሙያዬ ነው። ሐኪሙ አዲስ የደረት ፊልም ሲቀርብለት ቀድሞ የሚጠይቀው «የበፊቱስ የት አለ?» ብሎ ነው። ሳንባ ላይ የታየችው ነጭ ነጥብ የቆየች ጠባሳ ትሁን አዲስ የመጣች በሽታ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከአምናው ፊልም ጎን ስትቀመጥ ነው። እኔም ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ፣ ወር በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን እሷ ላይ ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጎረቤቴ የአጥሩን ባሕር ዛፍ ያስቆረጠ ጊዜ፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ ባዶ የነበረው መሬት ሣር መልበሱን በዓይኔ ሳልፍበት አላየሁትም። ያየሁት የሁለት ዓመት የመስከረም ፎቶዎችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። በሦስተኛው ዓመት ፎቶ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፉ ከጉቶው አቆጥቁጦ ይታያል።

ብርሃንን ያስተማረኝ ደግሞ አጥሬ ሥር የበቀለው ራስ ክምር ነው። አበባው ብርቱካንማ ሆኖ፣ ክምር በክምር ላይ እየተደረደረ ሲወጣ፣ ማሩን የምትቀስመው የደጋ ወፍ ትመጣለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱን መጀመሪያ ሳነሳው በሁሉም ፎቶ ላይ እንደ ከሰል ጠቆረብኝ፤ ካሜራዬን ጠረጠርኩ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የዚህ ወፍ አብረቅራቂ ቀለም እንደ ቀሚስ የተነከረ አይደለም፣ የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ጥቁር ወፍ ታነሳላችሁ፤ ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ወፉ አንገቱን እስኪያዞር ከጠበቃችሁ ግን ራሱ እንደ ነሐስ አረንጓዴ፣ ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ክንፉ እንዳይደበዝዝ መዝጊያውን በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ በፈጠነ ልክ ማድረግ ይበጃል። እኩለ ቀን ላይ ግን አትድከሙ፤ በእኛ አገር ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ጥላም እግራችን ሥር ትገባለች፣ እንዲህ ያለው ብርሃን የነገሩን ቅርጽ ይገድላል።

ስልክ እንጂ ካሜራ የሌላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩን አንሱ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቅና ጠዋት ጎመኑ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በረዶው የሚበዛው በቅጠሉ ጠርዝና በጅማቱ ላይ ነው፤ ጠርዝ ከመሐል ቀድሞ ይቀዘቅዛልና። ፀሐይዋ አጥሩን ካለፈች በኋላ ብዙ አይቆይላችሁም፤ የጠርዙ ነጭ መጀመሪያ ወደ ጠብታነት ይለወጣል፣ ጠብታው ይረዝማል፣ ከዚያ ይወድቃል። ስልኩን በብርድ ይዛችሁ ቆይታችሁ እሳት ወዳለበት ማድ ቤት በቀጥታ አትግቡ፤ ሌንሱ ላብ ያወጣል።

እኔ ሳልሳሳት የተማርኩ እንዳይመስላችሁ። በፊልም ዘመን 36 ፎቶ የሚወጣውን የፊልም ጥቅል ካሜራዬን ሳጎርስ ጫፉን ከመጠቅለያው ጥርስ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ቆጣሪው እየቆጠረልኝ አንድ ሙሉ ሳምንት አነሳሁ፤ ሲታጠብ አንድም ምስል አልነበረበትም። የራጅ ባለሙያ ይህን አደረገ ቢባል ማን ያምናል? ይኼ ግን ያስቃል እንጂ አያሳዝንም። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው፤ የድንቢጥ ጎጆ አጥርቼ ላነሳ ብዬ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፤ እናቲቱ ግን አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ጎጆ አላነሳም፣ እናንተም ባታነሱ እመርጣለሁ።

ወጣቶች የሚሮጡት ወደሚያብረቀርቀው ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮበር በስሟ የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለቻት። ለሳይንስ ተገልጻ ስም የወጣላት ገና በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የአንኮበር እረኞችማ ቀድሞውንም ያዩዋት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ጭራሽ የማትማርክ ስለሆነች እንጂ። እኔ ጓሮም ጎመን ሥር እየተሽሎከለከች የምትለቅም ቡናማ ወፍ አለች። እስካሁን አራት ፎቶ አንስቻታለሁ፣ በአራቱም ጀርባዋን ሰጥታኛለች።