ለሐረጎ ጉም የሚበቃ ክላክስ

የሞተር ጥያቄና መልስ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንባቢዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ከረሙ። የምሰራው ኮምቦልቻ ነው ቤቴ ግን ደሴ ቧንቧ ውሃ ስለሆነ በሳምንት ስድስት ቀን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ እወጣለሁ። የምነዳው አባቴ የተወልኝን አሮጌ ያማሃ ዲቲ ነው፣ ሞተሩ እስካሁን ምንም አይልም፣ ክላክሱ ግን እንደ ጫጩት ነው የሚጮኸው። ባለፈው ክረምት ጉም ውስጥ ኩርባ ላይ አንድ ሲኖ መስመሬን ይዞ መጣብኝ፣ እኔ ክላክሱን ተጭኜ አለቅም ብያለሁ ሹፌሩ ግን ጭራሽ አልሰማኝም፣ ወደ ቦዩ ገብቼ ነው አላህ ያተረፈኝ። አሁን ገበያ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ክብ የመኪና ክላክሶች አይቻለሁ። አንዱ ጓደኛዬ የድሮውን ፍታና በድሮው ሽቦ ላይ ሁለቱንም ሰካቸው በቃ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ቀጥታ ከባትሪ ሳበው ይላል። የማንን ልስማ? ባትሪው ላይ 12 ቮልት ይላል። (ሀ. ከቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን አተረፈህ። ሐረጎን ጉም ሲይዘው እኔም አውቀዋለሁ፣ የራስህ የፊት ጎማ እንኳን በደንብ አይታይህም፣ ከላይ የሚወርደው ከባድ መኪና ደግሞ በማርሽ ይዞ ሞተሩ እየጮኸ ነው የሚመጣው፣ መስኮቱን ዘግቶ ከሆነ ትንሿን ክላክስ ከየት ይሰማታል። ስለዚህ ትልቅ ክላክስ መፈለግህ ልክ ነህ፣ ጌጥ አይደለም። ግን የሁለቱንም ጓደኞችህን ምክር አትስማ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነው የነገሩህ።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ሞክርልኝ። የድሮውን ክላክስ ፈትተህ አውጣውና በሁለት ወፍራም ሽቦ ቀጥታ ባትሪው ላይ ነካ አድርገው። ባትሪው ላይ ጥሩ ከጮኸ ክላክሱ ጤነኛ ነው፣ የታመመው መንገዱ ነው ማለት ነው፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ አስር ጊዜ ቢመጣልኝ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ይሄንኑ ነው። በግራ እጅህ በኩል ያለውን የማብሪያ ሳጥን ሁለቱን ብሎን ፍታና ክፈተው፣ የክላክሱ ቁልፍ ስር ያለችው ትንሽ የመዳብ ምላስ ጠቁራ ታገኛታለህ፣ ክላክስ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስላለው በለቀቅከው ቁጥር ብልጭታ ይፈጥራል፣ ያ ብልጭታ ነው አመት ካመት የሚያቃጥላት። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጋት፣ ቫዝሊን በስሱ ቀባት፣ ከሻሲው ጋር የሚገናኘውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ሽቦም ፈትተህ ዝገቱን ጠርገህ መልሰህ እሰረው። ይሄን ብቻ ሰርተው ክላክሱ ተመልሶላቸው የሄዱ ሰዎች አሉ፣ ያንተ ግን ለሐረጎ ነውና እንቀጥል።

የመጀመሪያው ጓደኛህ ምክር የማያዋጣው በዚህ ነው። የሞተርህ የድሮ ክላክስ የሚስበው 2 አምፔር አካባቢ ነው፣ ሽቦውም ማብሪያውም የተሰራው ለሱ ነው። ጥንዱ የመኪና ክላክስ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይስባል፣ ሁለቱ አንድ ላይ እስከ 8 ይደርሳሉ። አሮጌ ሽቦና የጠቆረ ማብሪያ ተደምረው 0.3 ኦም ቢያግዱ (ብዙ አይደለም ይሄ) በ2 አምፔር የምታጣው 0.6 ቮልት ነው፣ ማንም አይታወቀውም። በ8 አምፔር ግን 2.4 ቮልት ታጣለህ፣ አዲሱ ክላክስህ 10 ቮልት አካባቢ ብቻ እያገኘ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው ያንቋርራል፣ ከዛ ክላክሱ ፌክ ነው ብለህ ነጋዴውን ትጣላለህ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊውዙ ነው። እንዳንተ አይነት ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊውዝ ነው ያለው፣ ፍሬቻውም የኋላ መብራቱም በሱ ነው የሚያልፈው፣ በዚህ ላይ 8 አምፔር ስትጨምርበት ማታ ኩርባ ላይ ክላክስ ስታደርግ ፊውዙ ሊቃጠል ይችላል፣ ክላክስም የኋላ መብራትም በአንዴ ታጣለህ፣ ከኋላህ የሚመጣው መኪና እንግዲህ በምን ያይሃል?

የሁለተኛው ጓደኛህ ምክር፣ ቀጥታ ከባትሪ የሚለው፣ ኃይሉን በደንብ ያመጣል፣ ያለ ፊውዝ ከሆነ ግን እሳት ነው። ከጥቂት አመት በፊት አንድ ልጅ ሞተሩን እየገፋ ሱቄ ድረስ መጣ፣ ታንከሩን ሳነሳው የመጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ክላክሱን የሰራለት ሰው ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጭን ሽቦ ስቦ፣ ያለ ፊውዝ፣ በመሪው አንገት በኩል አሳልፎታል፣ መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦው ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፣ አንድ ቀን ልባሱ ተላጠና ማሳ ነካ፣ ኮንታክት ሆነ። ሽቦዎቹ በሙሉ እንደ ጧፍ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ ቀዩ የቱ ጥቁሩ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ልጁ ጭሱን ሲያይ ደንግጦ ሽቦውን በእጁ ጎትቶ በጥሶታል፣ መዳፉ ላይ የሽቦው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጥቶ ነበር፣ ከቤንዚን ታንከሩ ስር ነው እኮ ይሄ ሁሉ። አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ ሪሌ ነው። ባለ 12 ቮልት ባለ 30 አምፔር የመኪና ሪሌ በየመኪና ኤሌትሪክ እቃ መሸጫው አለ፣ የማሰሪያ ሶኬቱን አብረህ ግዛ። ሪሌ ማለት ትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት እንድታዝ የሚያደርግ ማብሪያ ነው፣ የራሱ ጥቅል 0.2 አምፔር እንኳን አይሞላም የሚፈልገው፣ ስለዚህ የድሮው ቁልፍህና የድሮው ሽቦህ ጭራሽ ከበፊቱ ቀለል ይላቸዋል። ከስሩ እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ 30፣ 85፣ 86፣ 87። ከድሮው ክላክስ ላይ የፈታሃቸውን ሁለቱን ሽቦዎች አንዱን 85 ላይ ሌላውን 86 ላይ ሰካ። የጃፓን ሞተሮች ብዙዎቹ ክላክሱ ላይ ፖዘቲቭ ሁሌ ይጠብቃል፣ ቁልፉ የሚያገናኘው ማሳውን ነው፣ አንዳንዱ ሞተር ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ በዚህ መንገድ ከሰካኸው ግን የትኛው እንደሆነ መጨነቅ የለብህም፣ ለሁለቱም ይሰራል። ሪሌው ጀርባ ላይ የዳዮድ ምልክት (ጫፉ ላይ መስመር ያለው ሦስት ማዕዘን) ተስሎበት ከሆነ ብቻ ፖዘቲቩን በስዕሉ መሰረት ለይተህ ስጠው። ክላክስህ አንድ ሽቦ ብቻ ኖሮት ማሳውን በማሰሪያው ላሜራ የሚያገኝ ከነበረ እሷን ሽቦ 86 ላይ፣ 85ን ወደ ማሳ።

ከዛ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጀምረህ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ 30፣ ከ87 ወደ ሁለቱም ክላክሶች ፖዘቲቭ፣ የክላክሶቹን ኔጌቲቭ ደግሞ ቀለም በሌለው ንጹህ ሻሲ ላይ ወይ ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ። ፊውዙ 15 አምፔር ይሁን፣ እና ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ አንድ ስንዝር ባልሞላ ርቀት፣ ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው ከሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው፣ ክላክሱ ጋ ወስደህ ብታስረው መሀል መንገድ ላይ ለሚላጠው ሽቦ ምንም አያደርግለትም። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ብዙ ክሩ የሆነውን ለስላሳውን ውሰድ፣ የቤት መስመር ደረቁን ሽቦ አደራ እንዳታስገባ፣ በሞተር ንዝረት ውስጡ ይሰበራል። የሪሌው መሀል ላይ አምስተኛ እግር ካለው፣ 87ኤ የሚለው፣ ባዶውን ተወው፣ በስህተት ክላክሱን እዛ ላይ ከሰካኸው ሳትነካው ይጮህና ስትጫነው ዝም ይላል። መሪው አንገት ላይ ስትደርስ ለሽቦው ትንሽ ላላ ያለ ትርፍ ስጠው፣ ፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙረህ የሚወጠር የሚቆነጠጥ ነገር እንደሌለ በአይንህ እይ።

ክላክሶቹን ስታስራቸው አብሯቸው የመጣውን የሚለመጥ ላሜራ አትጣለው፣ ክላክስ ራሱ ካልተንቀጠቀጠ ድምፁ ይታፈናል፣ በወፍራም ብረት ጠፍረህ ከሻሲው ጋር ካጣበቅከው ግማሽ ድምፁን ነው የምታጣው። ጥንዱ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ድምፅ ነው፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አድርገህ ሁለቱም እንዲኖሩ አድርግ፣ የሁለቱ ቅልቅል ነው ከሞተር ጩኸት ተለይቶ ሹፌር ጆሮ ውስጥ የሚገባው። የፊቱ አሞርዛተር ሲወርድ ጭቃ መከላከያው እንዳይነካቸው አሞርዛተሩን ጫን ጫን አድርገህ ለካ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኃይል ፍለጋ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ እንዳትቀጥል። በብዙ አሮጌ ሞተር የፊት መብራቱ ባትሪውን ሳይነካ ቀጥታ ከሞተሩ የመብራት ጥቅል ነው የሚበራው፣ ነዳጅ ስትሰጠው የሚደምቅ ነዳጅ ስትቀንስ የሚፈዝ ከሆነ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ነው፣ ሪሌው እዛ ላይ ይንጫጫል እንጂ አይይዝም። ባትሪህንም እይልኝ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ክላክሱ የሚፈልገውን 8 አምፔር ከየት ያመጣል፣ በተለይ በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት።

ሲያልቅ ጻፍልኝ። ኩርባው ከመድረስህ በፊት ረዘም አድርገህ አንዴ፣ ከዛ ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ከታች የሚመልስልህ ካለ ጥግህን ይዘህ አሳልፈው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። በሞተር ገጠር ለገጠር የምዞር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ክላክሴ በጋውን ደህና ነበር፣ ከክረምቱ ወዲህ ግን ጎርነን ብሎ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ሞተሩን ካጠብኩት በኋላ ይብስበታል። አዲስ ልግዛ? የባትሪው ጽሑፍ ለቋል፣ ስንት ቮልት እንደሆነም አላውቅም። (ከደሴ ዙሪያ)

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ፣ አትግዢ ገና። ውሃ ገብቶበታል። አፉ ወደ ላይ ወይ ወደ ፊት ዞሮ ከሆነ የታሰረው ጎማው የሚረጨውን ሁሉ ይጠጣል። ፍቺውና አፉን ወደ ታች አድርገሽ ጸሐይ ላይ አውዪው፣ እሳት ዳር ግን አይሆንም ውስጡ ያለው ልባስ ይበላሻል። ስትመልሺው አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል፣ ስታጥቢም ላስቲክ አልብሺው። ደርቆም ጎርናና ከሆነ ጀርባው ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ አንዳንዴ በቀለም ወይ በሰም ታሽጋለች፣ መጀመሪያ የነበረችበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊና በካቻቢቴ ሩብ ዙር እንኳን ሳይሞላ ወደ አንድ ጎን፣ ከዛ አጭር ተጭነሽ ሞክሪ፣ ካልጠራ ወደ ሌላው ጎን። ተጭነሽ እያስጮህሽ አታዙሪ። ጠርቶ ሲወጣ ትሰሚዋለሽ፣ እዛው ላይ ተይው፣ በጥፍር ቀለም እሸጊው።

የባትሪውን ቮልት ለማወቅ የውሃ መሙያ ክዳኖቹን ቁጠሪ። ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ 12፣ እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሰሩ ትናንሽ የጃፓን ሞተሮች ብዙዎቹ 6 ነበሩ፣ ያንቺ 6 ከሆነ ለላይኛው አንባቢ የጻፍኩትን ሪሌና ጥንድ ክላክስ ተይው፣ ባለ 12 ክላክስ በ6 ቮልት ያንቋርራል እንጂ አይጮህም። ላንቺ የሚሻልሽ ያለውን ማጽዳት ነው።

ጥያቄ፦ ቦክሰር ሞተር አለኝ፣ የከባድ መኪና አየር ክላክስ ላስገባበት አስቤያለሁ፣ ጓደኞቼ ሪሌ ካለው ይችላል አሉኝ። እውነት ነው? (ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

መልስ፦ አይ ወንድሜ። የከባድ መኪናው ድምፅ የሚመጣው ለፍሬን አየር ከሚሞላው ኮምፕሬሰር ነው፣ ቦክሰር ላይ ያ የለም። በኤሌትሪክ የሚሰራ የራሱ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለው አለ፣ እሱ ግን ከ15 እስከ 20 አምፔር ይስባል፣ ሪሌው ይችለዋል ትንሿ ባትሪህ ግን አትችለውም። ከመኪና የተፈታ ከሆነ ደግሞ ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ 24 ቮልት ስለሆኑ ባንተ 12 ላይ አይሰራም። ደግሞ አንተ የምትነዳው ሰው መሀል ነው፣ ሰኞ ከባቲ ገበያ ግመልና ፍየል መንገዱን ሞልቶ ሲመለስ ከጎኑ ያንን ብትለቅበት እንስሳው ደንብሮ የሚገባው ጎማህ ስር ነው፣ ነጂዎቹም አብረው። ጥንዱን ክብ ክላክስ ከላይ እንደጻፍኩት በ15 ፊውዝ ግባበት፣ ለኮምቦልቻም ለሐረጎም ይበቃሃል። ባትሪህ ላይ ስንት አምፔር ሰዓት እንደሚል አይተህ ላክልኝ፣ ከ5 በታች ከሆነ ከጥንዱ አንዱን ብቻ ብታስር ይሻላል፣ ወፍራሙን።