ርካሽ ክራንክ ለፊክስድ ሳይክል፦ ከሐዋሳ ልጆች ጋር ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ሳይክል ወደ ፊክስድ፣ ማለትም ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ወደሚዞር ሳይክል፣ የሚቀይሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ማርሽ የሚያስናፍቅ ዳገት የለም። ግን እጄ ላይ ከሚደርሱት ሳይክሎች ብዙዎቹ ችግራቸው ክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹን የሚይዙት ክንዶችና የፊት ጥርሱ ጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ክራንክ ጠይቁኝ። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ነው የምጠራቸው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር። የፊት ፍሬን ሳይኖራችሁ በፊክስድ አስፋልት ላይ አትውጡ። ደግሞ ሳይክላችሁ ምን እንደሆነ ሳትነግሩኝ «የቱ ይሻላል?» አትበሉኝ።

የታቦሩ፦ ጋሼ፣ ርካሽና ጥሩ ክራንክ የቱ ነው?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው የመሃሉ ዘንግ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው ወይስ ክንዱ በሽብልቅ ፒን የሚያዝ? የፊት ጥርሱ፣ ካቴናው የሚዞርበት ክብ፣ የታሰረው በብሎን ነው ወይስ በማይፈታ ሪቬት? እሱን አይተህ ተመለስ።

የአቶቴው፦ ያለኝ ባለ 10 ማርሽ አሮጌ ኮርሳ ነው። ክራንኩ አሉሚኒየም ነው፤ 5 እጅ አለው፣ ሁለት የፊት ጥርስ ታስሮበታል። ልጣለውና አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ እንዳትጥለው! ሌላው ሰው የሚፈልገው ክራንክ አንተ ቤት ነው ያለው። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፣ ረጋ ብዬ ልመልስልህ።

በኮርሳ ክራንክ ላይ የ5ቱ ብሎኖች ክብ ዲያሜትሩ ብዙ ጊዜ 130 ሚሊ ነው። እዚያ ላይ ከ38 ጥርስ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ሁሉ ማሰር ይቻላል። ሁለቱንም ጥርስ አውልቅና አንዱን ብቻ በውስጠኛው በኩል እሰር። ለምን በውስጥ? የፊክስድ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ የኋላው ጥርስ ከሳይክሉ መሃል መስመር ወደ 42 ሚሊ ያህል ይርቃል። የኮርሳ ክራንክ ውስጠኛ ቦታም ዘንጉ ልኩ ከሆነ እዚያው አካባቢ ነው። የውጪኛው ግን ወደ 46 ይጠጋል። ካቴናው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በውስጠኛው ነው ማለት ነው።

በዓይን አትገምት፣ ለካ። ከፊት፣ የመቀመጫውን ቱቦ ውፍረት ግማሽ ያዝና ከቱቦው ጎን እስከ ጥርሱ መሃል ያለውን ደምርበት። ከኋላ፣ የሞዞውን ስፋት ከዳዶ እስከ ዳዶ ለካና ግማሹን ያዝ፤ ከዚያ ላይ ከዳዶው እስከ ጥርሱ መሃል ያለውን ቀንስ። ሁለቱ ቁጥሮች በ1 ሚሊ ቢለያዩ ግድ የለም። ከ2 ካለፈ የዘንጉን ርዝመት ቀይር። ዘንግ በ103፣ 107፣ 110፣ 113 እና ከዚያም በላይ ይመጣል፤ ከክራንክም ይረክሳል። ማርሽ ባለው ሳይክል ካቴና ቢወልቅ እግርህ ባዶ ይዞራል፣ አለቀ። በፊክስድ ግን ካቴናው ወልቆ ከተጠላለፈ የኋላው ጎማ ይቆለፋል፣ አንተም መሬት ነህ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጥርሶቹ ብሎኖች ለሁለት ጥርስ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ጥርስ ብቻ አይጠብቁም። አጭር ብሎን ፈልግ ወይም ቀጭን ወሸር ጨምር።

የፒያሳው፦ ዋጋው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ የነገርኩህ ነገ አይሠራም።

የመናኸሪያው፦ እኔ ፊኒክስ ነው ያለኝ። ክንዱ በፒን የሚያዝ ብረት ነው። ይጣላል?

መልስ፦ ክንዱ ካልተጣመመ አይጣልም። ከባድ ነው እንጂ ጠንካራ ነው። ፒኑን ተጠንቀቅ። 9 እና 9.5 ሚሊ አለ፤ የማይሆነውን በመዶሻ እያስገደዱ ማስገባት ክንዱን መግደል ነው። ስትመታው ከክንዱ ሥር ወፍራም ቱቦ አስደግፍ፣ አለዚያ ዱላውን የሚቀበለው ኩሽኔታው ነው። ሁለቱ ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይግቡ፤ ካልሆነ ሁለቱ ፔዳሎች ፊት ለፊት አይመጡም። በፊክስድ እግር ወደፊትም ወደኋላም ስለሚገፋ ፒን ቶሎ ይላላል። የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ እየነካካህ እይ።

የሐይቅ ዳሯ፦ የግራው ክንድ እየላላ አስቸገረኝ። አጠብቀዋለሁ፣ በማግስቱ ተመልሶ ይላላል።

መልስ፦ ላልቶ እያለ ነድተሽበታል ማለት ነው። ዘንጉ ብረት ነው፣ ክንዱ አሉሚኒየም። አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አንዴ ከተበላ ምንም ብታጠብቂው አይይዝም። ሙሉ ክራንክ ግን አትግዢ፤ ግራውን ብቻ ቀይሪ። ርዝመቱ ከቀኙ ጋር እኩል ይሁን። ከክንዱ ጀርባ፣ ፔዳሉ በሚገባበት አካባቢ ቁጥር ተጽፏል፣ እዪው። አዲሱን ስታስሪ ብሎኑን ከ35 እስከ 45 ኒውተን ሜትር አጥብቂው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለሽ ካለው ሰው ተዋሺ።

የዳቶው፦ እህቴ፣ ዘንጉን ግራሶ ቀብተሽ እሰሪው፣ ሁለተኛ አይላላም።

የአላሙራው፦ ኧረ በፍጹም! ግራሶ ከነካው ክንዱ ከመጠን በላይ ይገባና ይሰነጠቃል። ደረቁን ነው የሚታሰረው።

የዳቶው፦ ደረቁን ካሰርከው ክረምት ላይ ይዝግና ማን ያወልቀዋል? የኔ ስንት ዓመት በግራሶ ቆይቷል።

የአላሙራው፦ ስንት ዓመት ቆየ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ካቴና ላይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

የዳቶው፦ ካቴናን ምን አመጣው? አቧራው እኮ...

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም። ይሄ ክርክር በዓለም ላይ ያለ ሳይክል ጠጋኝ ሁሉ የሚከራከረው ነው፣ እዚህ አያልቅም። ዘንጉም ቀዳዳውም በጨርቅ ይጽዳ፣ ብሎኑ በልኩ ይጥበቅ። ስስ ግራሶ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። የብሎኑ ጥርስ ላይ ግን ግራሶ የግድ ነው። ስለ ካቴና ዘይት ዛሬ አላወራም።

የባህል አዳራሹ፦ የተራራ ሳይክል ክራንክ በነጻ አግኝቻለሁ። 175 ይላል። ይሆናል?

መልስ፦ ለፊክስድ አልመክርህም። በፊክስድ ስትታጠፍ ፔዳሉን ማቆም አትችልም፣ ረጅም ክንድ ደግሞ መሬት ይነካል። 165 ወይም 170 ፈልግ። በዚያ ላይ የተራራ ሳይክል መሃለኛው ጥርስ ከመሃል መስመር ከ47 እስከ 50 ሚሊ ይርቃል። ያልኩህን 42 አስታውስ። አጭር ዘንግ ካስገባህበት ክንዱ ወይም ጥርሱ ፍሬሙን ይመታል።

አንድ አባት፦ የልጄ ልጅ ትንሿ ሳይክል ላይ ክንዱና ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት ነው። ለትልቁ ሳይክል ይሆናል ወይ?

መልስ፦ አይሆንም አባቴ። እሱ የሚገባው 51 ሚሊ በሚሰፋ ቀዳዳ ነው፤ የትልቁ ሳይክል ቀዳዳ ከዚያ ይጠባል። የፔዳሉም መግቢያ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው፣ የሌላው 9/16 ነው። እዚያው ይቆይልዎት።

የታቦሩ፦ ጋሼ፣ አየሁት። ዘንጉ አራት ማዕዘን ነው። 3 የፊት ጥርስ አለው፣ በሪቬት የተያዘ። ሁለቱን በመቁረጫ ማሽን ቆርጬ ባወጣቸውስ?

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ሳይክሉን ገልብጠውና ክራንኩን አዙረው። ጥርሱን ከጎን እይ፤ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ድካም አታብዛ። ከዚያ የካቴናውን ውጥረት እይ። ርካሽ ጥርስ ፍጹም ክብ አይደለም። ስታዞረው አንድ ቦታ ላይ ካቴናው ይወጠራል፣ ሌላ ቦታ ይረግባል። ማርሽ ያለው ሳይክል ይህን ይሸፍነዋል፣ ፊክስድ አይሸፍንም።

ጥርሱ በብሎን የታሰረ ከሆነ መድኃኒት አለው። ብሎኖቹን ትንሽ ፈታ አድርግ። ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልግና እዚያ ላይ ካቴናውን በቀስታ ነካ አድርገው፤ ጥርሱ ጥቂት ይሸሻል። አዙር፣ ቀጣዩን ፈልግ፣ ድገም። ውጥረቱ ሲስተካከል ብሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው እየዘለልክ እያጠበቅህ ጨርስ። በሪቬት የተያዘውን ግን እንዲህ ማድረግ አትችልም፤ እንደተወለደ ነው። ከተሰበረ ኮርሳ ላይ የወለቀ ባለ 5 እጅ ክራንክ ካገኘህ፣ ከአዲሱ ባለ ሪቬት እሱን ውሰድ የምለው ለዚህ ነው።

የፒያሳው፦ ከፊት 48 ጥርስ ከኋላ 16 ነው ጥሩው ወይስ 46 ከ16?

መልስ፦ 46 ከ16። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ልክ 3 ዙር ነው። ፔዳሉን በእግርህ ይዘህ ጎማ ቆልፈህ በተንሸራተትክ ቁጥር አስፋልቱ የሚበላው ያንኑ አንድ ቦታ ነው። 46 ከ16 ግን 8 ቦታ ያካፍልሃል፤ 48 ከ17 ደግሞ 17 ቦታ። ለጀማሪ 44 ከ16 ይቀላል።

የአላሙራው፦ ጎማ ቆልፎ መንሸራተት ካወቀ ፍሬን ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ የፊት ፍሬን። ከላይ ተናግሬያለሁ። ባጃጅ ፊትህ ድንገት ሲቆም በእግርህ ብቻ አትደርስበትም።

የመናኸሪያው፦ ፍሪዌሉን፣ ፔዳል ሲቆም ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገውን የኋላ ጥርስ፣ ፈትቼ የፊክስዱን ጥርስ እዚያው ባሥረውስ?

መልስ፦ ይህ የክራንክ ጥያቄ አይደለም። ባጭሩ፣ ይገባል፣ ግን በተቃራኒ የሚጠብቅ መቆለፊያ ቀለበት የለውም። እግርህን ወደኋላ ስትገፋ ይፈታል። አታድርገው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ርካሽ ክራንክ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

የአቶቴው፦ ክራንኩን ላወልቅ ስል ክንዱ ላይ ማውለቂያ መሣሪያው የሚታሰርበትን ጥርስ በላሁት። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብሎኑን ወይም ወሸሩን ሳታወጣ ነው ማውለቂያውን ያስገባኸው፣ ወይ እስከ ዳር አላሰርከውም። የትኛው ክንድ ነው? ግራው ከሆነና የምትጥለው ከሆነ፣ ብሎኑን አላላውና ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ጥቂት ንዳው፣ ራሱ ይለቃል። ቀኙ ከሆነ ግን እንዳትነዳው! ያ ቀዳዳ ያስፈልግሃል። ሁለት እግር ያለው መጎተቻ ያለው ጋራዥ ውሰደው።

የሐይቅ ዳሯ፦ አየሁት ጋሼ፣ 170 ይላል።

መልስ፦ ጎበዝ። ግራውንም 170 ግዢ። ከመክፈልሽ በፊት ዘንጉ ላይ በእጅሽ አስገቢውና እይው፤ ገና ሳይጠብቅ እስከ ጥግ ከገባ፣ አይሆንም ብለሽ መልሺው።