አንድ ባቄላ ለሁሉም ልጅ

እህቴ መምህርት፣ «4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ልይዝ ነው፤ በማየት፣ በመስማትና በመንካት የሚማሩትን ልጆች ለይቼ በየቡድናቸው ላስቀምጣቸው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይህንኑ ክፍል ለዓመታት ስላስተማርኩ የማምንበትን ልንገርሽ፦ አትለያያቸው።

«የመማር ስልት» የሚባለው ነገር በየስልጠናው ይነገረናል። ልጆች ምርጫ እንዳላቸው እውነት ነው፤ አንዱ መሳል ይወዳል፣ ሌላው ማውራት። ነገር ግን ሃሮልድ ፓሽለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ገምግመው፣ ትምህርቱን በየልጁ ስልት መስጠት ውጤት ያሻሽላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ክፍል ውስጥ የማየውም ይኸው ነው። ድምፅን ስታስተምሪ «በማየት ይማራል» የተባለውም ልጅ መስማት አለበት፤ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ «እእእ» እያለ ንዝረቱን መዳሰስ አለበት። እንዴት እንደሚቀርብ የሚወስነው ትምህርቱ ራሱ ነው።

የዘር መብቀልን እንውሰድ። ባቄላ ማታ ውሃ ውስጥ ይደርና ጠዋት ለየልጁ አንዳንድ ፍሬ ስጪ። ልባሱን በጥፍራቸው ልጠው ለሁለት ሲከፍሉት፣ ጫፉ ላይ የተኛችውን ትንሽ ሽል አይተው ክፍሉ ይንጫጫል፤ ተያቸው፣ ያውሩ። ከዚያ ያዩትን ይሳሉ፤ የመጽሐፉን ሥዕል አይገልብጡ። ሌሎቹን ፍሬዎች በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ፣ በእርጥብ ሶፍትና በፕላስቲኩ መሀል አስገቢያቸው፤ ሥሩ ሲወጣ ከውጭ ይታያል። ለአምስት ልጅ አንድ ሃይላንድ ይበቃል።

ሥሩ ትንሽ ረዘም ሲል ሃይላንዱን በጎኑ ታጋድሚዋለሽ። ከዚያ በፊት ግን «ሥሩ ከእንግዲህ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?» በያቸውና ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ብዙዎቹ «ወደ ጎን ይቀጥላል» ይላሉ። በማግስቱ ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ ሲያገኙት ክርክር ይነሳል፤ ማብራሪያሽን ከልባቸው የሚሰሙት ያኔ ነው። ቀድመው ለሚጨርሱት ደግሞ ባቄላና ቦሎቄ አፈር ውስጥ ጎን ለጎን ዝሪላቸው፤ ቦሎቄ ክኩን ተሸክሞ ብቅ ሲል፣ ባቄላ ክኩን አፈር ውስጥ ትቶት እንደሚወጣ ራሳቸው ይድረሱበት።

ልብ ልትዪው የሚገባ ልዩነት ግን አለ። ከሰሌዳ መገልበጥ ትቶ ሁልጊዜ የጎረቤቱን ደብተር የሚያይ ልጅ ዓይኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ፊት አስቀምጪው፣ ለወላጆቹም ንገሪ። ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት ልጅ ባቄላውን በሚገባ አስተውሎ አማርኛው ሊያጥረው ይችላል፤ መጀመሪያ በቋንቋው ለጓደኛው ያስረዳ። ንባብ የሚከብዳት ልጅ ሥዕሏን እያሳየች በቃል ትናገር፣ ንባቧን ግን ለብቻው አግዣት። «እሱ በመንካት ነው የሚማረው» ተብሎ ከንባብ የተተወ ልጅ 7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ሲደርስ መጽሐፉን መክፈት ያስጠላዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ሃይላንዱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ መድቢ፣ በተለይ ዓርብ ከመውጣታቸው በፊት። ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ባቄላው ውሃ ውስጥ አይዘፈቅ፣ ይበሰብሳል።